26ቱን ይዘሽ ግቢ

ጥያቄ፦

ለተከበሩ አማካሪ፣

የ28 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር አንድ ሥራ ጀመርን። ምግብ ቤቶች ማታ በስልካቸው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ያዝዛሉ። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሃይሌ ጋርመንት ገበያ ደርሼ እገዛለሁ፣ አስጭናለሁ። በተከራየናት ዳማስ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት በራቸው ላይ እናደርሳለን። አፑን የሠራው ጓደኛዬ ነው። መነሻውን 300,000 ብርም ከቤተሰቦቹ ያመጣው እሱ ነው። ንግድ ፈቃዱ ግን በእኔ ስም ነው። ድርሻችን ሃምሳ ሃምሳ ነው ብለን በቃል ተስማምተናል።

አሁን በአክስቴ በኩል አሜሪካ የሚኖሩ አንድ ባለሀብት ተገኙ። የአክስቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ። "ፒች ዴካችሁን ቀድማችሁ ላኩልኝ፣ ስመጣ እንገናኛለን" ብለውናል። ሥራችንን ለባለሀብት የሚያስተዋውቀውን ይህን ፒች ዴክ ጓደኛዬ በ34 ስላይድ ሠራው። ሲያዩት ያምራል። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ግን "ከ200 በላይ ምግብ ቤቶች ይጠቀሙበታል" ይላል። አፑ ላይ የተመዘገቡት 212 መሆናቸው እውነት ነው። ባለፈው ወር ያዘዙት ግን 41 ናቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚያዝዙት ደግሞ 26 ብቻ። ይህን ስነግረው "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ 26 ብለን ብንገባ ይስቁብናል፤ አንቺ ይሄ አይገባሽም" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ውጪ አንነጋገርም።

15 ሚሊዮን ብር እንጠይቅ ይላል። ለምን 15 እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው ደብተሬ ላይ ያለውን ነው። አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 4,000 ብር ነው። ግዢው 3,350፣ ማጓጓዣው 260፣ የሚበላሸው 110 ብር ገደማ ይሆናል። ግማሾቹ ደንበኞች በ15 ቀን ዱቤ ነው የሚወስዱት።

በዚያ ላይ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። እንግሊዝኛዬም ይሰባበራል። እሱ ይናገር ብዬ ልተወው? ወይስ ልከራከር? ዴኩስ እንዴት ይስተካከል?

ሰ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የቆምኩት "ከሌሊቱ 10 ሰዓት" የሚለው ላይ ነው። (ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም፣ እኔ አትክልት ተራ ሲባል አሁንም የሚታየኝ ፒያሳ ነው። ዕድሜ ነው።) ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ሰዓት ገበያ የወጣ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ34ቱ ስላይድ ውስጥ ያ ሌሊት የቱ ጋ ነው ያለው? ቲማቲሙን ስትመርጪ፣ ከነጋዴው ጋር ዋጋ ስትከራከሪ፣ ዳማሷ ስትጫን የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ አለ? ከሌለ፣ ከ200ው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ግን ከጓደኛሽ እንጀምር። ዴኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ይዘውት ከገቡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስታውቃል። ገና ትንሽ በሆነ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ከሥራው በፊት የሚያየው ሰዎቹን ነው።

"አንቺ ይሄ አይገባሽም" ማለቱ ያማል። ተገቢም አይደለም። ከኋላው ምን እንዳለ ግን አስበሽ ታውቂያለሽ? 300,000 ብሩ የወላጆቹ ነው። ቤት በገባ ቁጥር "እንዴት ሆነ ሥራው?" የሚባለው እሱ ነው። 26 ላንቺ 26 ወጥ ቤት ነው። የትኛዋ ሼፍ ቃሪያ ስትቀበል አንድ በአንድ እንደምታገላብጥ ታውቂያለሽ። ለእሱ ግን ስክሪን ላይ ያለ ትንሽ ቁጥር ነው። እየገመትኩ ነው፤ ልጁን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከቢሮ ውጪ፣ ላፕቶፕ ሳይከፈት፣ ማኪያቶ ይዛችሁ ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ "26 ብለን ብንጽፍ ምን ይመጣል ብለህ ነው የምትፈራው?" ከዚያ ዝም በይ። ጨርሶ እስኪናገር መሃል ላይ አትግቢበት።

ሲጨርስ ያንቺን ንገሪው። እኔ ብሆን ስለ እውነትና ውሸት አላነሳም። ያን ቃል ከሰማ ቀጣፊ የተባለ ይመስለውና ጆሮውን ይዘጋል። ይልቅ እንዲህ በይው፦ "እሳቸው 'የሦስት ደንበኛ ስልክ ስጡኝ' ቢሉን የማንን እንሰጣለን? 'ከ200ው ባለፈው ሳምንት ስንቱ አዘዘ?' ቢሉስ ማን ይመልሳል፣ እኔ ወይስ አንተ?" ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የደንበኛ ስልክ መጠየቅ የተለመደ ነው። 200 ብሎ ገብቶ 26 ብሎ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ የቲማቲም ዋጋ ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም።

"ሁሉም ያደርገዋል" ለሚለው አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ቻርሊ ጃቪስ የምትባል አሜሪካዊት ፍራንክ የተባለ ድርጅቷን እ.ኤ.አ. በ2021 ለጄፒ ሞርጋን ባንክ በ175 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ከ4 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለኝ ብላ ነበር። ባንኩ ዘግይቶ ሲያጣራ ከ300,000 ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። በ2025 ጥፋተኛ ተባለች፣ ከሰባት ዓመት በላይ እስራትም ተፈረደባት። የእናንተ ነገር ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ ልጁንም በእስር ቤት አታስፈራሪው። የእናንተ ጸብ በሁለት ቃላት መካከል ነው፤ "ተመዝግበዋል" እና "ይጠቀሙበታል"።

ስለዚህ አንዳችሁም ሳትሸነፉ መውጣት ትችላላችሁ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፏቸው። 212 ተመዝግበዋል፣ 41 ባለፈው ወር አዝዘዋል፣ 26 በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ ያዝዛሉ። በአንድ ስላይድ፣ በትልልቁ፣ ከላይ ወደ ታች። እሱም 212ቱን አላጣ፣ አንቺም አላፈርሽ።

ያን ስላይድ ያየ ሰው ግን ወዲያው የሚጠይቀው ነገር አለ። የቀሩት 171ዱስ የት ሄዱ?

መልሱን ታውቂዋለሽ? የማታውቂ ከሆነ ይህን ሳምንት ለእሱ ብታውዪው ደስ ይለኛል። ከ171ዱ ለ20ዎቹ ደውዪ። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፣ ምሳ አልፎ እራት ሳይጀመር። "ለምን ተዋችሁን?" እንዳትዪ። ይሉኝታ ይይዛቸውና "ኧረ እንጀምራለን!" ብለው ይሸኙሻል። "ዛሬ ሽንኩርቱን ከማን ወሰዳችሁ? ኪሎው ስንት ገባ?" በይ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተጠይቆ ዝም የሚል ባለ ምግብ ቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንዷ ቲማቲሙ ተጨፍልቆ መጣብኝ ትልሻለች። አንዱ ጎረቤት ያለው ነጋዴ በወር ዱቤ ይሰጠኛል ይልሻል። ሌላው ጋ አፑን የጫነው ልጅ ሥራ ለቋል፣ ስልኩም አብሮት ሄዷል። 20 መልስ ስትሰበስቢ ተጨምቆ ሁለት ወይ ሦስት ምክንያት ነው የሚቀረው። እነሱን ከቁጥሮቹ ሥር ጻፊ። ከጎናቸው ደግሞ ምን እያስተካከላችሁ እንደሆነ። ሃምሳ ዴክ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ስላይድ ላይ ቆም ይላል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚደብቀው እሱን ነው።

ወደ ዴኩ ልምጣ። እሳቸው ሁለት ጊዜ ነው የሚያዩት፤ አንዴ ብቻቸውን ምናልባትም በስልካቸው፣ አንዴ ደግሞ ከእናንተ ጋር። ብቻቸውን ሲያዩት ብዙ አይቆዩበትም። ዶክሴንድ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 200 የሚጠጉ ስታርትአፖችን (ጀማሪ ድርጅቶችን) ዴክ ተከታትሎ ነበር። ባለሀብቶቹ አንዱን ዴክ ያዩት በአማካይ ለ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነው። ለ34 ስላይድ አካፍዪው። ለአንዱ ሰባት ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ጋይ ካዋሳኪ የተባለው የሲሊከን ቫሊ ሰው ደግሞ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ ከ30 ያላነሰ የፊደል መጠን ይላል። 12 ቢሆንብሽ ማንም አይጣላሽም። የፊደሉን ነገር ግን እመኚው። ጓደኛሽ 22 ስላይድ ጣዪ ብትዪው ያመዋል፤ ስለዚህ አትጣዪ። ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጡትና ጥያቄ ሲመጣ አውጡት።

የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው። "ምግብ ቤቶች ማታ ያዝዛሉ፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት አትክልቱ በራቸው ላይ ነው።" ለአክስትሽ አንብቢላት። ስታዳምጥ ቆይታ "እና ምንድን ነው ሥራችሁ?" ካለችሽ እንደገና ጻፊ። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት፤ ፓወርፖይንት በሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ እንዴት እንደሚበታተን መቼም አይተሽዋል።

አንዱ ስላይድ ላይ "ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፣ ሁሉም ሽንኩርት ይበላል" የሚል ነገር እንዳለ እጠረጥራለሁ። ካለ አውጡት። ከዚያ ይልቅ አንድ ቅዳሜ ሁለታችሁም ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ አንድ መንገድ ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ምግብ ቤቶቹን ቁጠሩ። ስንቱ ደንበኛችሁ ነው፣ ስንቱ አይደለም? ያቺ ቆጠራ ከየትኛውም የገበያ ጥናት ይልቅ ታሳምናለች። አብሮ መሄዱም ለኩርፊያው መድኃኒት ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስኩ፤ ደብተርሽ። ከ4,000 ብር ትዕዛዝ 3,350 ግዢ፣ 260 ማጓጓዣ፣ 110 ብልሽት ሲወጣ የሚቀረው 280 ብር ነው። ደመወዝና ኪራይ ሳይነካ። 26ቱ በሳምንት ሁለቴ ብቻ እንኳ ቢያዝዙ 52 ትዕዛዝ ነው፤ 14,560 ብር። ትንሽ ነው። ግን 260ውን እዪው። ዳማሷ ከሳር ቤት ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ጀሞ የምትዞር ከሆነ ያ ብር የሚቃጠለው መንገድ ላይ ነው። አንድ መንገድ ላይ አሥር ደንበኛ ቢኖራችሁና ማጓጓዣው ለአንዱ 130 ቢወርድ፣ የሚቀራችሁ 410 ይሆናል። ዋጋ ሳትጨምሩ፣ አንድ ደንበኛ ሳታታልሉ። ዴኩ ላይ "በሁለተኛው ዓመት አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር" የሚል ካርታ ካለ፣ በእኔ ግምት የእናንተ ሥራ ተቃራኒው ነው። አንድ መንገድ መሙላት፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

ዱቤውንም ቁጠሪው። 52 ትዕዛዝ በ4,000 ሲባዛ በሳምንት 208,000 ብር ነው። ግማሹ በ15 ቀን ዱቤ ከሆነ፣ በማንኛውም ቀን ከ200,000 ብር በላይ ሰው እጅ ላይ ነው ማለት ነው። የተነሳችሁት በ300,000 ነው! ደንበኛ በእጥፍ ቢጨምር ለሌሊቱ ገበያ የምትይዢው ብር አይኖርሽም። የገንዘብ ጥያቄያችሁ መነሻ ይህ ነው። "15 ሚሊዮን" ከማለታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ለዱቤው ስንት? ለመኪና ስንት? ለሠራተኛ ስንት? ለስንት ወር? በዚያ ጊዜ መጨረሻ ስንት መደበኛ ደንበኛ? ድምሩ 4 ሚሊዮን ከመጣ 4 በሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ለዱቤ የሚሆን ብር ለማግኘት ድርሻ መሸጥ ውድ ነው። ያ ብር በ15 ቀን ይመለሳል፤ የሸጥሽው ድርሻ አይመለስም። ከፊሉን በብድር መልክ ይሰጡን እንደሆነ መጠየቅ አያስነውርም።

ትንበያውን እስከ 18 ወር ብቻ አድርጉት። እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የአምስት ዓመት ትንበያ ይዤ አንድ ባለሀብት ፊት ተቀምጬ ነበር። አምስተኛው ዓመት ላይ መስመራችን ከገጹ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ሰውየው ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡና "ባለፈው ወር ስንት ሸጣችሁ?" አሉን። እኔና ባልደረባዬ ተያየን። እዚህ አገር ደግሞ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ወጪያችሁም ገቢያችሁም በብር መሆኑን፣ የነዳጅና የአትክልት ዋጋ ሲጨምር ዋጋችሁን በስንት ቀን እንደምታስተካክሉ ተዘጋጂበት።

አንድ ደስ የማይል ነገር ደግሞ አለ፤ ድርሻችሁ። ንግድ ፈቃዱ ባንቺ ስም የግል ከሆነ ለሦስተኛ ሰው የሚሸጥ ድርሻ የለም። መጀመሪያ እንደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለ የንግድ ማኅበር ማቋቋም አለባችሁ። ለዚያ ደግሞ "ሃምሳ ሃምሳ" የሚለው ቃል ወረቀት ላይ መውረድ አለበት። የወላጆቹ 300,000 ብድር ነው ወይስ መዋጮ? አንዳችሁ ብትለቁ ምን ይሆናል? ይህን እሳቸው ሳይመጡ ተነጋገሩ። ምናልባት ከ200ው ጸብ ሥር ያለውም ይኸው ይሆናል። የእሳቸውን ፓስፖርትም ጠይቁ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር እንዲያመጣ ይጠይቃል። ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ እዚህ ላይ ብታወጡ አይቆጭም።

ስለ መናገሩ። ሰውየው የአክስትሽ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው አላልሽኝም? ታዲያ እንግሊዝኛው ለማን ነው? ዴኩ በእንግሊዝኛ ይላክ፣ ወሬው በአማርኛ ይሁን። ቀድመሽ ብትጠይቂያቸው እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። "እሱ ይናገር" የሚለውን ግን አልቀበልሽም። አፑን እሱ ያሳይ፤ ገበያውን፣ ደንበኛውን፣ ደብተሩን አንቺ ተናገሪ። ንግግር አታጥኚ። አንድ ሌሊት ብቻ ተርኪላቸው፤ ከማንቂያው ደወል እስከ መጨረሻዋ በር።

እምቢ ሊሉም ይችላሉ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የማረፊያ ቤት አከራይ ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰባት ባለሀብቶች ጋር ተዋውቆ 150,000 ዶላር ሲፈልግ አምስቱ እምቢ አሉ፣ ሁለቱ ጭራሽ መልስ አልሰጡም። እምቢ ካሉሽ "ምን ብናሳይዎት ሐሳብዎን ይቀይሩ ነበር?" ብለሽ ጠይቂና መልሱን እዚያው ፊታቸው ጻፊው።

ለስብሰባው ሆቴል ሎቢ እንዳትቀጥሪያቸው ደግሞ። በመጡ በሁለተኛው ቀን ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ በእኛ 10 ሰዓት ሌሊት ዋሽንግተን ገና ማታ ነው። ዴኩን ስትልኪ ከሥሩ እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት፦

"ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በዳማሷ መጥተን እንወስድዎታለን። ገበያውን አብረን እንየው፣ ከዚያ ከደንበኞቻችን አንዷ ጋ ቁርስ እንበላለን። ጃኬት አይርሱ፣ ይበርዳል።"